ስለ በለስ ቅጠልና ስለ ስስ ሹራብ

በቅዱሳት መጻሕፍት ተጽፎ ከምናገኘው ልብስ ሁሉ የመጀመሪያው፣ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ፣ ከማንም ሳይማር፣ በገዛ ሐሳቡ አቅዶ በገዛ እጁ የሰፋው የበለስ ቅጠል ነው። ሊቃውንቱ ሲተረጕሙ እንደሚያስረዱን፣ አዳምና ሔዋን ከመበደላቸው አስቀድሞ ልብሰ ብርሃን ለብሰው ይኖሩ ነበርና ልብስ መሥራት አላስፈለጋቸውም፤ ጸጋቸው በተገፈፈ ጊዜ ግን ዕራቁትነታቸውን ዐውቀው ቅጠል ሰፍተው አገለደሙ፤ ከዚያም በኋላ እግዚአብሔር የቁርበት ልብስ አድርጎ አለበሳቸው። ወደ ኦሪት ዘጸአት ስናልፍ ደግሞ የደብተራ ኦሪት መጋረጃም፣ የካህናቱ አልባሳትም፣ መቅረዙም ሳይቀር የተሠራው ሙሴ በደብረ ሲና ባየው ምሳሌ መሠረት እንጂ በሠሪዎቹ ሐሳብ አልነበረም፤ በመንፈሰ እግዚአብሔር ጥበብ የተመላው ባስልኤል እንኳ የተሰጠውን ምሳሌ ፈጸመ እንጂ የራሱን አላወጣም። እነዚህን ሁለት ታሪኮች አስተያይቶ ለሚያነብ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይነሣበት አይቀርም፤ ሰው በራሱ ሐሳብ ያወጣው ልብስ ተሽሮ በሌላ ከተተካ፣ በምሳሌ የተሠራው ደግሞ ቅዱስ ከተባለ፣ የገዛ አካሉን የሚሸፍንበትን ነገር በራሱ ልቡና ማቀድ ለሰው የተገባ ነውን?

ጥያቄው ሰፊ ስለ ሆነ፣ በአንድ ትንሽ ነገር ላይ አውርዶ መመርመር ይበጃል፤ ለዚህም የመረጥሁት በእጅ የሚሠራውን፣ ለሙቀት ወራት የሚሆነውን፣ እጅጌው አጭር ወይም ከናካቴው እጅጌ የሌለውን ስስ የጥጥ ሹራብ ነው። ሹራብ ሲባል ብርድን ብቻ የሚያስብ አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ ጥበብ ተሠርተው እስከ ዘመናችን ከደረሱት ነገሮች መካከል ቀደምት የሆኑት በምድረ ግብፅ የተገኙ የጥጥ ካልሲዎች ናቸውና፣ ሥራው ለሞቃት አገር እንግዳ አይደለም። በእኛ አገር ጥጥን በእንዝርት መፍተል የሴቶች፣ ድሩን አድርቶ ማጉን መወርወር የሸማኔዎች ሥራ ሆኖ ሲኖር፣ ሹራብና ዳንቴል ዘግይተው የመጡ ቢሆኑም ዛሬ በብዙ ቤት ይታወቃሉ። ሹራብ ከሸማ የሚለይበት ነገር ለጉዳያችን ይጠቅማል። ሸማ ከሁለት ወገን ክር፣ ከድርና ከማግ፣ ተጋጥሞ ይገኛል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ስለ እርሱ ነው። ሹራብ ግን ድርም ማግም የለውም፤ አንድ ክር ራሱን በራሱ እየጠለፈ፣ ቀለበት በቀለበት ውስጥ እያለፈ፣ ከራሱ ጋር ተባብሮ ልብስ ይሆናል። የሸማኔውን ጨርቅ ልብስ ሰፊ በመቀስ ቈርጦ ከአካል ጋር ያስማማዋል፤ ሹራብ ሠሪ ግን ጨርቁንና ቅርጹን በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ፣ ገና አንዲት ቀለበት በመርፌው ላይ ሳያኖር ጠቅላላው ስንት እንደሚሆን መወሰን ግድ ይሆንበታል።

ማቀድ የሚባለው ነገር ባሕርይም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ያሳተመውን መምሪያ የሚከተል ሰው ቍጥሩን እንደ ተጻፈ ተቀብሎ ይጀምራል፤ በራሱ ሐሳብ የሚያቅድ ግን ከወረቀትና ከእርሳስ አስቀድሞ የሚይዘው ናሙና ነው። በመረጠው ክርና በመረጠው መርፌ ከመዳፍ ጥቂት የሚሰፋ ቍራጭ ሠርቶ፣ ልብሱን ወደ ፊት በሚያጥብበት አኳኋን አጥቦና አድርቆ፣ በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንደ ገባ ይቈጥራል፤ ጥጥ ሲታጠብ መሰብሰብ ልማዱ ነውና ያልታጠበ ናሙና ሐሰተኛ ምስክር ነው። ቍጥሩ 20 ሆነ እንበል። የደረቱ ዙሪያ 92 ሳንቲሜትር የሆነ ሰው፣ በሙቀት ወራት ነፋስ እንዲገባለት 8 ሳንቲሜትር ቢጨምርበት 100 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ስለዚህም ዙሪያው 200 ቀለበት፣ ፊቱ 100፣ ጀርባው 100 ነው ማለት ነው። ቈጣሪው ቸኵሎ አንዲት ቀለበት ቢስት፣ እውነተኛው ቍጥር 20 ሳይሆን 21 ሆኖ ቢገኝ፣ ያው 200 ቀለበት ወደ 95 ሳንቲሜትር ይወርድና ለነፋስ ከታሰበው ስፋት ከእኩሌታው የሚበልጠው ይጠፋል። አንዱን ክርና አንዱን መርፌ ለሁለት ሰዎች ቢሰጡ ደግሞ ቍጥራቸው ብዙ ጊዜ አንድ አይሆንም፤ አንዱ ክሩን ያጠብቃል፣ ሌላው ያላላል፤ ያው ሰው ራሱ እንኳ በተቈጣበትና በተረጋጋበት ሰዓት እጁ አንድ ዐይነት አይደለም።

ሥራው ከብብት በላይ ደርሶ ፊትና ጀርባ በተለያዩ ጊዜ፣ ከ100ው ቀለበት 26ቱ ለቀኝ ትከሻ፣ 26ቱ ለግራ ትከሻ ሲመደቡ፣ 48ቱ ለአንገት ይቀራሉ፤ ይኸውም 24 ሳንቲሜትር ነው። የፊቱም የጀርባውም አፍ ቀጥ ብሎ ቢቀር ዙሪያው 48 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ 56 ሳንቲሜትር የሆነ የጐልማሳ ራስ ያለ ትግል አያልፍበትም፤ ስለዚህም የፊቱን አንገት ወደ 10 ሳንቲሜትር ያህል አጕብጦ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ዙሪያው ከ58 ሳንቲሜትር በላይ ይሆንና ራስ በሰላም ይገባል። ለአሮን በታዘዘው ቀሚስ ላይ ራስ የሚገባበት አፍ በመካከሉ እንዲኖር፣ ያም አፍ እንዳይቀደድ ዙሪያው በጠርዝ እንዲጠነክር በኦሪት መጻፉን ሳነብ፣ ይህን ያህል ከፍ ባለ መጽሐፍ ይህን ያህል ዝቅ ያለ የልብስ ሰፊ ጭንቀት መገኘቱ ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል። የዛሬው ሹራብ ሠሪ የአንገቱን ዙሪያ በመርፌ እየለቀመ ጠባብ ጠርዝ የሚጨምርበት ምክንያት ከዚያው ጋር ይመሳሰላል፤ ይልቁንም ጥጥ እንደ በግ ጠጕር ተስቦ የሚመለስ ስላልሆነ፣ ጠርዝ የሌለው የጥጥ አንገት በለበሱት ቍጥር እየሰፋ ወደ ትከሻ ይወርዳል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ የገዛ ሐሳብ የሚባለው የቱ ነው? የደረቱን ስፋት ሠሪው አልመረጠውም፤ የራሱን ዙሪያ አልመረጠውም፤ የእጁን መጥበቅና መላላት ሊያርመው ቢሞክርም ዐመሉ ሆኖ ያገኘው ነገር ነው፤ የጥጥ ባሕርይ ደግሞ ከእርሱ ሐሳብ በፊት የነበረ ነው። መጽሐፈ ጥበብ የፈጣሪን ሥራ በልክ፣ በቍጥርና በሚዛን የተደላደለ አድርጎ ሲያመለክተን፣ እነዚህን ሦስቱን በአንዲት ስስ ሹራብም እንኳ እናገኛቸዋለን፤ ልኩ በሜትር የተያዘው አካል ነው፤ ቍጥሩ 200 ነው፤ ሚዛኑ ደግሞ ወደ 400 ግራም ገደማ የሚሆነው ክር ነው፤ ይህም ክብደት ልብሱን ቀስ በቀስ ወደ ታች እየሳበ ስለሚያስረዝመው፣ ዐዋቂ ሠሪ ርዝመቱን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሳይሆን ሰቅሎ ይለካዋል። ሠሪው በፈቃዱ የሚወስነው ቀለሙን፣ ከወገብ በላይ ወይም በታች መቅረቱን፣ የአንገቱን ጥልቀት፣ ይህን የመሰለውን ጥቂት ነገር ነው። ብዙው የተቀበለው ነው።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ለገዛ አካሉ ልብስ የሚያቅድ ሰው ምሳሌ የሌለው ሠራተኛ አይደለም፤ ምሳሌው አካሉ ነው፤ እርሱም ሠሪው ያልሠራው፣ ያላቀደው፣ ነገር ግን እንዲያነበው የተሰጠው ነው። ባስልኤል ምሳሌውን ከሙሴ እንደ ተቀበለ፣ ይህም ሰው ከሜትሩና ከናሙናው ይቀበላል። የበለስ ቅጠልም የተነቀፈው ሰው ራሱ ስላቀደው አይመስለኝም፤ ሳይታይ፣ ሳይለካ፣ በፍርሃት ስለ ተሠራ ነው። የፈራ ሰው አይለካም፤ የቀረበውን ያነሣል፤ የበለስ ቅጠል ደግሞ ሻካራ፣ ፈጥኖ የሚደርቅ፣ ለገላ ከቶ የማይስማማ ቅጠል ነው። የዚያ ልብስ ሐሳቡ መሸሸግ ነበር፤ ሊሸሸግ የሚፈልግ ሰው የገዛ አካሉን አተኵሮ ሊያይ አይችልምና፣ ልኩንም ሊያውቅ አልቻለም።

አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ፣ ልክን ማወቅ ብቻውን ትሕትና አይሆንም፤ ከንቱ ውዳሴ የሚወድ ሰው በመስተዋት ፊት ቆሞ ከሁሉ አብልጦ ይለካል፣ ቢለኝ እውነቱን ነው፤ ልመልስለት የምችለው በከፊል ነው። ለታይታ የሚለካ ሰው ብዙ ጊዜ እውነተኛውን ቍጥር አይጽፍም። ሜትሩ 97 ሲለው 92 ብሎ የሚጽፍ፣ በክረምቱ እከሳለሁ እያለ ለሌላ አካል ልብስ የሚያቅድ ሰው አለ፤ ያ ልብስ ተሠርቶ በተፈጸመ ጊዜ የሚፈርድበት ያ ልብስ ራሱ ነው፤ ምክንያቱም እንደ ገበያ ልብስ በሌላ ቍጥር ሊለውጠው ወደ ሱቅ አይመለስም። ይህ ፍርድ ከንቱ ውዳሴን ይነቅላል አልልም። ስለ ገዛ አካል ለመዋሸት ግን ያስቸግራል።

በራስ ማቀድን በዘመናችን ካስተማሩት መካከል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1910 በእንግሊዝ አገር ተወልደው በአሜሪካ የኖሩት ወይዘሮ ኤልዛቤት ዚመርማን አንዷ ናቸው፤ በ1971 ያሳተሙት መጽሐፍ አርእስቱ ሹራብን ያለ ዕንባ መሥራት ማለት ሲሆን፣ ትምህርታቸውም ባጭሩ የደረቱን ቍጥር እንደ ሙሉ ወስዶ የቀረውን ሁሉ ከእርሱ በክፍልፋይ ማውጣት ነበር፤ የእጅ አንጓው ለምሳሌ ከደረቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል። በዚህ ስሌት ማንኛውም ሰው የሌላውን መምሪያ ሳይጠብቅ ልብሱን ሊያቅድ ቻለ። ይሁን እንጂ እኒህ ሴት ዘዴዎቻቸውን እኔ ፈጠርኋቸው ለማለት አልወደዱም፤ ስሟ ያልታወቀ አንዲት ሴት በአንድ ዘመን ይህንኑ ሠርታው ይሆናልና፣ እኔ የተቀበረውን ቈፍሬ አወጣሁት እንጂ አላስገኘሁትም የሚል አስተያየት ነበራቸው። ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት የፈጣሪ ብቻ ነው እያሉ ያስተማሩን መምህራን ከዚህች ሹራብ ሠሪ ጋር ቢገናኙ ኖሮ ብዙ የሚከራከሩበት ነገር ባላገኙ ነበር።

ይህ የእጅ ሥራ በቅዱሳት ሥዕላትም ይገኛል፤ በሐምቡርግ ከተማ የሥዕል ቤተ መዘክር ውስጥ ለቡክስተሁደ ደናግል ገዳም የተሠራ አንድ የመሠዊያ ሥዕል አለ፤ ሠሪው መምህር በርትራም የተባለ ሠዓሊ ሲሆን፣ ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር 1400 ገደማ ነው። በዚያ ሥዕል እመቤታችን ተቀምጣ በበርካታ መርፌዎች ዙሪያውን እየዞረች የአንዲት ትንሽ ቀሚስ አንገት ስትሠራ ትታያለች፤ ሁለት መላእክት መስቀሉን፣ ጦሩንና የመከራውን ዕቃ ይዘው ሲመጡ፣ መጽሐፍ ይዞ በሣር ላይ ያለው ሕፃኑ ጌታችን ፊቱን ወደ እነርሱ መልሷል። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ቅዱስ ገብርኤል ሲያበሥራት እመቤታችን ፈትል ይዛ ሐርና ወርቅ ስታስማማ እናያታለን፤ የሐምቡርጉ ሥዕል የዚያ ወንድም ነው፣ ነገር ግን ፈትሉ ወደ ልብስ ተሻግሯል። የታሪክ ሊቅ ሥዕሉን ቢያይ ይሥቅ ይሆናል፤ በጌታችን ዘመን በምድረ እስራኤል በመርፌ ሹራብ ይሠራ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ነገር የለምና። ሠዓሊው ግን ያሰበው ጌታችን በተሰቀለ ጊዜ ወታደሮቹ ሳይቀዱ ዕጣ የተጣጣሉበትን ስፌት የሌለውን ቀሚስ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም፤ በዘመኑ በዐይኑ ያየው ስፌት የሌለው ልብስ ደግሞ በመርፌ ዙሪያውን የሚሠራው ነበር። ዛሬም ስስ ሹራብን በዚህ አኳኋን ያለ ስፌት መሥራት ይቻላል፤ ባርባራ ዎከር በ1972 ባወጡት መጽሐፍ ከአንገት ተነሥቶ ወደ ታች መውረድን አስተምረዋል፤ ይህም ሠሪው በየደረጃው እየለበሰ እንዲለካና እንዲያስተካክል ያስችለዋል።

በሥዕሉ ላይ ያለው ልብስ ግን ለሠሪዪቱ አይደለም፤ ይህም እስካሁን ካልሁት ጋር አይገጥምም። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታም ቀሚስ የምትሠራው ለመበለቶች ነበር፤ የሐዋርያት ሥራም ስሟን ያነሣው ለራሷ ስለ ሠራችው ልብስ አይደለም። ለራስ የሚሠራ ልብስ ከዚህ ያንሳል፤ ይህን መካድ አልሻም። ለራሱ ያልለካ ለሌላው ሊለካ አይችልም ብዬም አላመካኝም፤ ለራሳቸው አንዲት ነገር ሳይሠሩ ለልጆቻቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ እናቶች ይህን ሐሰት ያደርጉታል።

ስለ መተርተርም አንድ ቃል ልናገር። የተቈረጠ ጨርቅ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ሹራብ ግን ስሕተቱ እስከ ተገኘበት ድረስ ተተርትሮ፣ ከክሩ አንዲት ስንዝር ሳትጠፋ እንደ ገና ይሠራል። ሰባኪ ቢሰማው ፈጥኖ የንስሐ ምሳሌ ባደረገው ነበር። እኔ ግን እፈራለሁ፤ የተተረተረው ክር እስኪታጠብ ድረስ መጠማዘዙን አይተውም፤ ያለፈውም ሰዓት ከክሩ ጋር አይመለስም። ምሳሌው ከሚገባው በላይ ይቀልላል።

የሚቀረው ከባዱ ተቃውሞ በወንጌል የተጻፈው ነው። ጌታችን ስለ ልብስ አትጨነቁ ብሎ ሲያስተምር የሜዳ አበቦችን ጠቅሶ፣ ሳይደክሙና ሳይፈትሉ ከሰሎሞን ይልቅ ያማሩ መሆናቸውን አስረድቷል፤ ታዲያ አንድ ክርስቲያን ለሙቀት ወራት፣ ያውም ብርድ ሳያስገድደው፣ ከ30,000 ገደማ ቀለበት የሚወጣ ልብስ ለመሥራት ዕድሜውን እንዴት ይከፍላል? መልሱን ከታሪክ እጀምራለሁ። በ1589 እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንደ ነበረ ይነገራል፣ ካልሲ የሚሠራ መኪና አወጣ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም የድኾችን እንጀራ ያሳጣል ብላ የፈጠራ መብቱን እንደ ከለከለችው ይተረካል፤ በመጨረሻም ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ በዚያው ሞተ። የዚያ መኪና ዘሮች ግን ዓለምን ሞሉት፤ ዛሬ በርካሽ ዋጋ የምንገዛትን ካናቴራ አንድ ሰው በማጕያ መስተዋት ቢመለከታት እነዚያኑ ቀለበቶች፣ ጥቃቅን ሆነው፣ ረድፍ በረድፍ ያገኛቸዋል። ልብስ እንዳያጣ የሚጨነቅ ሰው እንግዲህ ሹራብ አይሠራም፤ ይገዛል። ጭንቀት ከእጅ ሥራ ከተለየ ዘመናት አልፈዋልና፣ ቃለ ወንጌሉ ዛሬ ይበልጥ የሚነካው ሣጥኑን በገዛው ልብስ አጣብቦ ገና የሚለብሰው ያጣ የሚመስለውን ሰው ይመስለኛል።

ይህ ስለ ጭንቀት ነው፤ ስለ ሰዓቱስ? አባ እንጦንስ በበረሓ ልቡናው በታወከ ጊዜ፣ አንድ መልአክ በሰው አምሳል ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶም ሲጐነጕን እንዳየ በአበው ዜና ይነገራል፤ የገዳማት ሰዎችም የእጅን ሥራ ከጸሎት ጋር ማስማማትን ከጥንት ጀምሮ ለምደውታል። በሹራብም የዚህ ጥላ አለ፤ ከወገብ እስከ ብብት ያለው ክፍል 200ው ቀለበት ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ዙሪያ በዙሪያ የሚሄድበት ስለ ሆነ፣ እጅ ብቻውን እየሠራ ልብ ወደ ፈቀደው ይሄዳል፤ ሰው በዚህ ጊዜ ዳዊቱን በቃሉ ሊደግም ይችላል። አንገት ላይ ሲደርስ ግን መቀነስ አለ፤ መቀነስ ደግሞ መቍጠር ነው፤ መቍጠሪያ ይዞ አቡነ ዘበሰማያት የሚቈጥር ሰው በዚያው ቅጽበት የአንገት ቀለበት ልቍጠር ቢል ሁለቱንም ያጣል። ለአንገቱ መቀመጫ ሌላ ሰዓት ይፈለግለት።

በወንጌል የተጠቀሰችው አበባ ሳትፈትል ያማረችው ያለ ልክም ስለ ኖረች አይደለም፤ ባሕርይዋ ያስቀመጠላትን የቅጠል ቍጥርና ስፋት ሳትጠየቅ ትጠብቃለች። ሰው ይህ ዕውቀት ከገላው ጋር አልተሰጠውምና በሜትር ይፈልገዋል፤ ያገኘውም ልክ አይዘልቅለትም። ዘንድሮ 200 ቀለበት የበቃው ሰው ከዓመታት በኋላ በዚያው ክር፣ በዚያው መርፌ ሌላ ሹራብ ሊሠራ ሲነሣ፣ ደረቱ 98 ሳንቲሜትር፣ እጁ ደግሞ በእርጅና ላልቶ በ10 ሳንቲሜትር 19 ቀለበት የሚያወጣ ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ 98 ላይ 8 ተጨምሮ 106፣ ይህም በ19ኙ ሲሰላ ወደ 201 ገደማ ይመጣል። በደብተሩ የጻፈው አሮጌ ቍጥር በአጋጣሚ ሊበቃው ጥቂት ቀርቶታል ማለት ነው፤ ቢሆንም ናሙናውን ሠርቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ካልቈጠረው በቀር ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።